አሥራ ስምንት ኮምፒዩተርና የተድላ ካላንደር

አምቦ ላይ «የላቡ ተድላ» ቢሉ የማያውቀው የለም። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ የሆነው ሆኗል፣ ሰዎቹም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ተድላ ደግፌ በዚያ ኮሌጅ የኮምፒዩተር ላብ ጠባቂ ነው። ጠባቂ ስላችሁ በር ላይ ዱላ ይዞ የሚቆም እንዳይመስላችሁ! ቁልፉም፣ አቧራውም፣ የተጠላለፈው ገመድም፣ አሥራ ስምንቱ ኮምፒዩተርም የእሱ ናቸው። ድሮ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበር። ኮምፒዩተር መጥቶ የጽሕፈት መኪናው ሥራ ሲደርቅ ጓደኞቹ «በቃ፣ ተድላ አለቀለት» አሉ። እሱ ግን በአርባ ስድስት ዓመቱ ከልጆቹ እኩዮች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ኮርሱን ወሰደና አረፈው።

ይህን የምተርክላችሁ ነገር የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ተድላ ያኔ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቶታል። በሥራው የሚኮራ ሰው ነው፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ትንሽም ያበዛዋል። «አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም አቤቱታ ቀርቦብኝ አያውቅም» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። ኦሮምኛውን ሰፈር ውስጥ ኳስ እየተራገጠ ስለለመደው ከመምህራኑም ከተማሪውም ጋር ባሻው ቋንቋ ይቀልዳል። ተማሪዎቹ «ጋሼ» ይሉታል፣ መምህራኑ «ኦቦ ተድላ» ይሉታል፣ እሱም ሁለቱንም ደስ ብሎት ይቀበላል።

ኮምፒዩተሮቹ አርጅተዋል። ሆዳቸው ውስጥ ቀን የምትቆጥርላቸው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ የሁሉም ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁሉም ተነሥተው የተሠሩበትን ዓመት ይጽፋሉ፤ አምቦ ላይ ደግሞ መብራቱ መሄድ ይወዳል። አዲስ ባትሪ ይገዛልኝ ብሎ ማመልከቻ ካስገባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መልሱ እስካሁን «በሂደት ላይ ነው» ነው። ስለዚህ ተድላ በየማለዳው የግድግዳ ካላንደሩን ያወርድና ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ቀኑን በእጁ ይሞላል። ካላንደሩ ላይ ትልቁ ቁጥር የእኛ ነው። ጥግ ላይ ያለችው የፈረንጆቹ ቁጥር ደግሞ እንደ ቅንጣት ያነሰች ናት፤ የተድላ ዓይን እሷ ድረስ አይሄድም፣ ልቡም አይሄድም። አንድ ጊዜ ከላቡ የታተመ ደብዳቤ የፈረንጅ ቀን ይዞ ወጥቶ «ይህ የማን አገር ቀን ነው?» ተብሎ ተመልሶበታል። ከዚያ ወዲህ ተድላ ዘንድሮን ዘንድሮ ነው የሚለው። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ሲሆን ኮምፒዩተሩ አሻፈረኝ ይላል፤ በእሱ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ይህን ያህል ቀን የለውም። ተድላ «አይ ግትር!» ብሎ ይሰድበውና ኅዳር እስኪገባ ሃያ ስምንት ላይ ይተወዋል።

ላቡ ውስጥ የሚማሩት መምህር ፍሮምሳ በሠራው ዱቢ በሚባል ቋንቋ ነው። ፍሮምሳ ገና ሠላሳ ያልሞላው ጎበዝ ልጅ ነው። ዱቢ በኦሮምኛ ንግግር ማለት ነው። ተማሪው ትእዛዙን በሚያውቀው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይጽፋል፣ ዱቢ ደግሞ እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ መስመር በመስመር እያነበበ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። እንግሊዝኛው እየተናነቀው ትምህርቱን ጥሎ የሚሄድ ስንት ሰው ነበር! ፍሮምሳ ስለ ዱቢ ሲያወራ ዓይኑ ያበራል፤ በዱቢ የመጣበትን ሰው ግን አይወድም። ሁለት ኩሩ ሰዎች አንድ ላብ ውስጥ ማለት ይኸው ነው።

ጂቱ ዲንሳ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጌዶ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ባል አላት፣ ሁለት ልጆች አሏት። በየቅዳሜው ገና ሳይነጋ ጌዶ ላይ ሚኒባስ ተሳፍራ ትመጣለች፤ አርፍዳ ግን አታውቅም። ለመመረቂያዋ የጻፈችው ፕሮግራም የበሽተኛውን ስም ሲሰጡት የካርዱን ቁጥር የሚያወጣ ነው። በሽተኛ በመስኮት እየጮኸባት በሺህ ካርድ መሀል ስትፈልግ የኖረች ሴት ናትና ሥራው ከአንጀቷ ነው። ማታ ማታ ሰው ሲወጣ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒዩተር ስትጽፍ ቆይታ በፍላሽ ይዛው ትመጣለች።

ግንቦት አሥር ቀን፣ ቅዳሜ፣ ፈተና ሆነ። የፈተናው ደንብ ተማሪው ይዞ የመጣውን ፕሮግራም መምህሩ ፊት እንዲያሻሽል ነው፤ የራሱ ሥራ መሆኑ የሚለየው በዚህ ነው። ፍሮምሳ ጂቱን «የካርዱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቀበሌውንም እንዲያወጣ አድርጊው» አላት። ቀላል ነው፣ ሦስት መስመር ነው። ጻፈች፣ አስቀመጠች፣ አስነሣችው። ኮምፒዩተሩ የካርድ ቁጥሩን ብቻ አወጣ። ቀበሌ የለም! እንደገና አስነሣችው፣ ያው ነው። ፍላሿን ነቅላ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰካች፣ ያው ነው። «መምህር፣ ጽፌዋለሁ እኮ! ይኸው እየው፣ ማሎ፣ እባክህ!» አለች።

ፍሮምሳ ሠላሳ ተማሪ እየጠበቀው ነው። ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና፣ «እዚህ ልክ ቢሆን ሌላ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። የራስሽ ቢሆን ታገኚው ነበር» አላት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሰው የጻፈውን ማሻሻል ይከብዳል ማለቴ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈ።

ጂቱ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ እንደ ድንጋይ ቀረች። ከሰዓት በኋላ ኮሚቴ ተቀመጠ። ተድላን ጠርተው «ኮምፒዩተሮቹ ችግር ነበረባቸው?» ብለው ጠየቁት። እሱም ደረቱን ነፍቶ «የእኔ ኮምፒዩተሮች? በፍጹም!» አለ። «እንግዲያው ፈርምበት» አሉትና «ማሽኖቹ ጤነኛ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። የፈረመው ወረቀት ጂቱን የሚያስወጣ መሆኑ የገባው በር ላይ ሲያገኛት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይወሰናል፣ የሰው ሥራ ነው ከተባለ ስሟ ተሰርዞ ትወጣለች።

«ጋሼ፣ በልጆቼ ይዤሃለሁ፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት» አለችው። ፍላሿን እጁ ላይ አስቀምጣለት ወደ መናኸሪያ ሄደች። ተድላን አንጀቱን በላችው።

ሰኞ ዕለት ላቡን ዘግቶ ተቀመጠ። ፍላሿን ከፍቶ ጂቱ የጻፈችውን ፋይል ብቻ ወደ ኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ ገለበጠና አስነሣው። የካርድ ቁጥር፣ ቀጥሎ ቀበሌ! አላመነም፤ ደገመው። ቁጥር፣ ቀበሌ። ከፍላሹ ላይ ሲያስነሣው ግን ቁጥር ብቻ። «እንዴ! ፍላሹ ነዋ!» ብሎ ብድግ አለና እየሮጠ ፍሮምሳ ቢሮ ገባ።

ፍሮምሳ በትዕግሥት አዳመጠው። «ኦቦ ተድላ፣ ፍላሽ ሲበላሽ ፋይል ያጠፋል፣ ወይ አልከፍትም ይላል። የድሮውን መልስ አሳምሮ የሚሰጥ የተበላሸ ፍላሽ የት አገር ነው ያለው? ዱቢ ደግሞ ፋይሉ የትም ይቀመጥ የት አንድ ዓይነት ነው የሚያነበው» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሃርድ ዲስኩ ላይስ ማን እንዳስተካከለላት በምን አውቃለሁ?» አለው።

የተድላ ደም ፈላ። ሰው በዚህ ዕድሜው አጭበርባሪ ይባላል? ዘወር ብሎ ወጣ፤ በሩንም ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ነው የዘጋው።

ማክሰኞ ንዴቱን ይዞ መናኸሪያው አጠገብ ፍላሽ የሚሸጠው ወንድወሰን ሱቅ ሄደ። ጂቱ ፍላሿን የገዛችው ከእሱ ነው። «ለሰው አርቲ ቡርቲ እየሸጥክ ታስወቅሳለህ!» ብሎ ጮኸበት። ወንድወሰን «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ጋሼ ተድላ፣ ኦርጅናል ነው!» ብሎ ማለና ሁለት ሌላ ዓይነት ፍላሽ አውጥቶ «ሞክረህ ትመልሳለህ» ብሎ ሰጠው። ተድላ አሁን ልክ እንደ ጂቱ ይሁን ብሎ ፍላሿ ላይ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ወደ አንደኛው ገለበጠ። ቁጥር ብቻ። ወደ ሁለተኛው። ቁጥር ብቻ። እሮብ ዕለት የሚስቱን የወለተማርያምን ስልክ ፈትቶ ሚሞሪ ካርዱን አወጣ፤ እሷ «መዝሙሬን እንዳታጠፋብኝ!» እያለች ከኋላው ትከተለዋለች። ካርዱም ያው ሆነ። ቁጥር ብቻ! በሦስት ቀን ውስጥ ሰውየው የከሳ መሰለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀረችውን ነገር ሞከረ። ያንኑ ሁሉ ጠቅልሎ ወደ ሃርድ ዲስኩ ገለበጠው። ሰኞ ዕለት አሳምሮ የመለሰው ያው ሃርድ ዲስክ አሁን ቁጥር ብቻ አወጣ።

ተድላ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። እንግዲያው ወንድወሰንን በከንቱ ነው የሰደብኩት አለ በልቡ። ነገሩ ከፍላሽም ከሃርድ ዲስክም አይደለም። ልዩነቱ ሰኞ ያልገለበጠው፣ አሁን ግን የገለበጠው ነገር ነው። ፎልደሩን ሲያየው ከጂቱ ጽሑፍ አጠገብ ያው ስም ያለው፣ መጨረሻው ብቻ የሚለይ ሌላ ፋይል ተቀምጧል። ሰኞ ትርኪ ምርኪ መስሎት ትቶት ነበር። ፍሮምሳ ለተማሪ የጻፋትን አሥር ገጽ ማስታወሻ አውጥቶ መነጽሩን አደረገና ማገላበጥ ጀመረ። ስድስተኛው ገጽ ላይ አገኘው። ዱቢ አንዴ የተረጎመውን ደግሞ እንዳይተረጉም የትርጉሙን ግልባጭ ከጽሑፉ አጠገብ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ቀናቸውን ያያል፤ ጽሑፉ ከግልባጩ በኋላ ተነክቶ ከሆነ እንደገና ይተረጉማል፤ ካልተነካ ያንኑ ግልባጭ ያነባል።

የሁለቱን ቀን አየ። ጂቱ ጌዶ ላይ ስታስነሣው የተቀመጠው ግልባጭ 2019 ይላል። አምቦ ላይ ያሻሻለችው ጽሑፍ 2011 ይላል።

«2019?» ብሎ ሳቀ። «ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል እኮ!» ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ። የጌዶው ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ስላለው ቀኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የሚቆጥረው። 2011 ብሎ የጻፈው ማነው? ካላንደሩን ይዞ በየማለዳው የሚዞረው ማነው? ለዱቢ ጂቱ ያሻሻለችው ጽሑፍ የስምንት ዓመት አሮጌ ነው፤ ስለዚህ ሊያነበው አልፈለገም። እዚሁ ላብ ጀምረው እዚሁ የሚጨርሱት ተማሪዎች ምንም አልሆኑም። የተጎዳችው ከሌላ ቦታ ይዛ የመጣችው ናት፣ ከሁሉ ይበልጥ የለፋችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ክፉ ሐሳብ መጣበት። ነገ ማለዳ ቀኑን ዝም ብሎ እንደ ፈረንጆቹ ቢሞላስ? ቅዳሜ ጂቱ ኮሚቴው ፊት ደግማ ትሞክራለች፣ ይሠራላታል፣ ማንም ምንም አያውቅም። እሱም ያቺን «አንድም አቤቱታ» የሚላትን ይዞ ጡረታውን ይወጣል። ቤት ገብቶ ይህንኑ ለወለተማርያም ነገራት። ቀና ብላም አላየችው፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች «ታዲያ ‘ባለፈው የሰው ሥራ አምጥታ ነው፣ አሁን አጥንታ መጣች’ ሲሏትስ?» አለችው። ተድላ ስልኩን አንሥቶ ወደ ጌዶ ደወለ።

«ጂቱ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ ‘ለመሆኑ ማነው የጻፈልሽ?’ አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። በክፉ አይደለም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እህል አልበላልህ አለኝ። እንዲያውም እኔ ራሴ፣ በእጄ የጻፍኩት ሴትዮ፣ ‘ምናልባት አልገባኝም ይሆን?’ ማለት ጀምሬ ነበር።»

«ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ። ግን ለእኔ የነገርከኝን ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ለነበሩት ሁሉ ትነግራቸዋለህ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ ተድላ።

ተናገረም። ቅዳሜ ጠዋት ተማሪውም ኮሚቴውም ላብ ውስጥ ቆመው ሳሉ ካላንደሩን ከግድግዳው አወረደና ትልቁንም ትንሿንም ቁጥር በጣቱ እያሳየ ተረከላቸው። «ማሽኖቹ ጤነኛ ናቸው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያሳመምኳቸውም እኔ ነኝ። ይህች ሴት ምንም አላጠፋችም» አለ። ከዚያ አንዱን ኮምፒዩተር ቀኑን አስተካክሎ «ነይ» አላት። ጂቱ ተቀመጠች፣ ሦስቱን መስመር አጥፍታ እንደገና ጻፈች፣ አስነሣችው። ቁጥር፣ ቀበሌ። ተማሪው አጨበጨበ። ፍሮምሳ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ደግነቱ ልቡ ደህና ልጅ ነው። «የእኔም ጥፋት ነው። ዱቢ ቀን አምኖ መተኛት አልነበረበትም፤ የተጻፈውን ራሱን ማየት ነበረበት። አንቺንም ማየት ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

ጂቱ ይቅርታውን በአንገቷ ተቀበለች። አላጨበጨበችም፣ አልሳቀችምም። ወደ ተድላ ዞራ «ከእኔ በፊትስ፣ ጋሼ? እንዲህ ተብሎ የወጣ ሌላ ሰው የለም?» አለች።

ፍሮምሳና ተድላ ተያዩ። አንድ ሰው ነበር። አምና፣ ጉደታ የሚባል፣ ከእጃጂ የሚመጣ። መዝገብ ቤት ሄደው ፋይሉን አወጡ። «ማሽኖቹ ጤነኛ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል፤ ሥሩ ላይ የተድላ ፊርማ አለ። ተድላ መፈረሙን እንኳ ረስቶት ነበር።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ሚኒባስ ተሳፈረ። ጌዶን አልፎ እጃጂ ወረደና ሲጠይቅ መንገድ ዳር ጎማ ቤት ጠቆሙት። ጉደታ እጁ እስከ ክንዱ ጥቁር ሆኖ ጎማ ይነፋል። ተድላን ሲያይ አወቀው፤ ፊቱን ዞር አደረገ። ተድላ አጠገቡ ቆሞ ያንኑ ታሪክ ነገረው፤ ሁለተኛ ጊዜ መናገሩ ከመጀመሪያው አልቀለለውም።

ጉደታ አልተቆጣም። «ስለዚህ የሠራሁት ልክ ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

«ልክ ነበር። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

ጉደታ ጎማው ላይ ቁጭ አለ። «‘ካመንክ በይቅርታ ትደግማለህ፣ ካላመንክ ትባረራለህ’ አሉኝ። ኮምፒዩተሩ እምቢ ሲለኝ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ? ‘አዎ፣ ሰው ጽፎልኝ ነው’ ብዬ ፈረምኩ። ‘ማን?’ ሲሉኝ የእህቴን ስም ሰጠኋቸው። እቤቷ ላፕቶፕ ላይ ነበር የምሠራው፣ ሌላ ማንን እላለሁ? እሷ አስተማሪ ናት። ለትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ጻፉባት። ከዚያ ወዲህ ኮሌጁንም ቤቷንም ረግጬ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ሳያት እሸሻለሁ» አለ።

የተድላ እንባ መጣ፤ አልደበቀውም። አንድ ፊርማ ስንት ቤት ገባ! ከጃኬቱ ኪስ ወረቀትና እስክሪቢቶ አውጥቶ የተገለበጠ በርሜል ላይ ዘረጋና የሆነውን ሁሉ በእጁ ጽፎ ስሙን ከሥሩ አኖረ።

«እህትህ ቤት ወዴት ነው?» አለ።

«ከገበያው ማዶ ነው። ምን ሊያደርግልህ?»

«ታጠብና ውሰደኝ።»

«ምን ብዬ ነው በሯን የማንኳኳው፣ ጋሼ?»

«አንተ አታንኳኳም፤ እኔ ነኝ የማንኳኳው» አለ ተድላ።

ጉደታ ሳሙናውን አንሥቶ እጁን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አጠበና ከፊት ከፊት መራ።